ተያዥ አለህ?

አዲስ አበባ በገባሁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ቆሜ የአገሬ ስም ሲጠራ ሰማሁ። «ካራቆሬ! ካራቆሬ! አንድ ሰው!» ረዳቱ ግማሽ አካሉን ከሚኒባሱ በር አውጥቶ ይጮኻል። እዚያ ጉዳይ አልነበረኝም፤ ግን ገባሁ። የወረድኩት ጅማ መንገድ ላይ፣ አየር ጤናን አለፍ ብሎ ካለው ካራቆሬ ነው። ማሽላ የለ፣ ሙቀት የለ፣ የማውቀው ፊት የለ። ቢሆንም ስሙ ብቻ ዘመድ ሆነኝና እዚያው ሰፈር ቤት ጠየቅሁ። ሦስት ዓመት ኖርኩበት።

የእኔዋ ካራቆሬ ደሴ መንገድ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፈው ከሚሴ ሳይደርሱ። ከይፋት ቆላ ውጭ ስሟን አዘውትሮ የሚያነሳው የደሴ መስመር ሾፌርና የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያጠና ሰው ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ጎረቤታችን ማጀቴን ያፈራረሰውን ርዕደ መሬት ባለሙያዎቹ በካራቆሬ ስም መዝግበውታል። አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ወር ጣሪያ ሥር ለመተኛት እንደፈራች ትነግረን ነበር። እኛ የልጅ ልጆቿም ደጅ ነው ተኝተን ያደግነው፤ ምክንያታችን ግን ሙቀቱ ነበር። ጠፍር አልጋ ግቢ ውስጥ ይወጣል፣ ነጠላ ጣል ይደረጋል፣ ይተኛል።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። በመስከረም 2002 ዓ.ም. ስነሳ፣ ሁለት ፍየል ተሽጦ 900 ብር ይዤ፣ በጀቴን በደብተር ጽፌ ነበር። የቤት ኪራይ፣ ታክሲ፣ ምግብ፣ ሳሙና፣ ለሥራ ማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ ኮፒ። ምግቡን እናቴ አቃለለችልኝ፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ማሾ። ዝርዝሩ ውስጥ ብርድ ልብስ አልነበረም። ብርድ ልብስ ተገዝቶ አይቼ ስለማላውቅ አላሰብኩትም። አውቶቡሱ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ዋሻ ሲገባ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከዋሻው ስንወጣ ጉሙ በመስኮቱ ገባ፤ እጄን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ፣ በደብተሬ ያልተጻፈ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

መጀመሪያ ያረፍኩት አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋ ነው። እሱም በደባልነት ነበር የሚኖረው። ዘጠኝ ቀን ዝም ያሉት አከራይ በአሥረኛው ቀን ውሃና መብራት የሚበላ ሰው መጨመሩን ጠቅሰው ተናገሩ። ጓደኛዬ ምንም አላለኝም፤ ማታ ማታ ዓይኑን ግን ከእኔ ያሸሽ ጀመር። ለዚህ ነው ቤት ፍለጋ የወጣሁት።

ካራቆሬ ያገኘሁት ቤት ግቢ ውስጥ የተቀጠለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ነበር፤ በወር 250 ብር። አከራይዋ ጥሩ ሴት ናቸው፤ ኋላ ስታመም አጥሚት ሠርተው ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆመው ጠየቁኝ።

«ላጤ ነህ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሥራህስ?»

«እየፈለግሁ ነው።»

«ተያዥ አለህ?»

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም። ቤቱን ያሳየኝ ደላላ ነው ያስረዳኝ፤ አንድ ነገር ቢጎድል፣ ብትጠፋ፣ ብትታመም፣ የምንጠራው ሰው አለህ ወይ ነው። አልነበረኝም። እትዬ ትንሽ አሰቡና የሁለት ወር ቅድሚያ ከከፈልክ ግባ አሉኝ። 500 ብር። ለደላላው 50። ለብርድ ልብስ 120። ከአውቶቡሱ ሒሳብ ጋር ደማምሬ ስቀንሰው በእጄ የቀረው 150 ብር አይሞላም። ሰው ቢኖረኝ ኖሮ የአንድ ወር ከፍዬ እገባ ነበር።

በትንሽ ገንዘብ ብቻውን ትልቅ ከተማ ለሚገባ ሰው ምክር የሚሰጥ ሁሉ ስለ ቁጠባ ያወራል። ቆጥብ፣ ምሳህን ቋጥር፣ ታክሲ ትተህ በእግርህ ሂድ። ትክክል ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ብቸኛና ድሃ የሆነ ሰው ሁሉን ነገር በችርቻሮ ነው የሚገዛው። ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት በኩንታል ሲጫን እያየ ያደገ ልጅ ጉልት ላይ አንድ መደብ ይገዛል። ከሰል በፌስታል፣ ዘይት በሲኒ። አምስት ሆነው አንድ ድስት ሽሮ የሚሠሩና ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚያነዱት ከሰል ያው ነው። ኪራዩ የረከሰበት የከተማ ጫፍ ደግሞ ያተረፍከውን በታክሲ ይመልስብሃል፤ እኔ በቀን በሁለት ታክሲ ሄጄ በሁለት ታክሲ እመለስ ነበር። ዛሬ ከጦር ኃይሎች አያት የሚሄደው ቀላል ባቡር አለ፤ በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ከጫፍ ጫፍ 6 ብር ነበር ክፍያው። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ከካራቆሬው ቤት ወጥቼ ነበር።

ሥራ ተገኘ። የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት፣ በወር 750 ብር። ፈተናውን አልፌ ፎርሙን ሲሰጡኝ ታችኛው ግማሽ ባዶ ነው፤ የዋስ ስም፣ የዋስ መሥሪያ ቤት ወይም ንግድ ፈቃድ፣ የዋስ ፊርማ። መታወቂያም ይጠይቃሉ። ቀበሌ ስሄድ ከመጣህበት መሸኛ አምጣ ተባልኩ። መሸኛው ካራቆሬ ነው ያለው፤ ያ ሁሉ መንገድ ለአንድ ወረቀት። መሸኛው ቢመጣም የሚኖርበት ቤት አለ ብሎ የሚፈርምልኝ ባለቤት ያስፈልጋል። በየሄድኩበት መስኮት የሚጠየቀው ሌላ ሰው ነው። ብቻውን የመጣን ሰው ማስተናገጃ አንድም መስኮት አልነበረም።

እትዬ ናቸው፣ አየር ጤና ገበያው ጀርባ አንድ የእናንተ አገር ሰው ልብስ ይሰፋል ያሉኝ። ሄድኩ። ሰውየው የማጀቴ ሰው ነው፤ አይቼው አላውቅም፣ አይቶኝ አያውቅም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋ ነበር። ፎርሙን ዘርግቼ ጉዳዬን ስነግረው እግሩን ከፔዳሉ አላነሳም፤ መኪናው እያንኳኳ ያደምጠኛል። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «የማን ልጅ ነህ?» የአባቴን ስም ነገርኩት፤ አላወቀውም። የአያቴን ስነግረው እግሩ ቆመ። አያቴ ሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ ከብት ይነዱ ነበርና ያውቃቸዋል። ከግድግዳው ንግድ ፈቃዱን አወረደ፣ ልጁን ፎቶ ኮፒ ላከው፣ ፈረመ። ከዚያ ወደ ዩኒፎርሙ ተመለሰ።

እትዬም ሆኑ ልብስ ሰፊው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ መሆኑን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። አገር ቤት «የማን ልጅ ነህ?» የሚባለው ከተማ ሲገባ «ተያዥ አለህ?» ይሆናል። ጥያቄው እንግዳ አይደለም፣ ክፉም አይደለም። በድሮው ሙግት ዋስ ያልጠራ ሰው ከባላጋራው ጋር በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር፤ «በዓይነ ቁራኛ» ስንል ያንን ሰንሰለት ነው የምንጠራው። ሰንሰለቱ ቀረ። የዋስ ጥያቄው ግን መልሱን ወንዙና ተራራው ከሚያውቅበት አገር፣ ሁሉም መጤ ወደ ሆነበት ከተማ ሳይለወጥ ገባ። አገሩ ላይ አያቱ ይፈርሙለት የነበረ ልጅ እዚህ ሲደርስ ማንም አይፈርምለትም።

ስለዚህ አጥብቄ የምለው አለ። በወር ጥቂት ሺህ ብር ለሚከፈለው የሱቅ ሠራተኛ ደመወዝተኛ ዋስ መጠየቅ፣ ሥራውን ከተማ ውስጥ ዘመድ ላለው ብቻ ማስቀረት ነው። የሰውየውን ማንነት ለማወቅ ከሆነ፣ ዛሬ በአዋጅ 1284/2015 የተቋቋመ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን የሚይዝ ፋይዳ መታወቂያ አለ። ለሚጎድል ዕቃ ከሆነ ደግሞ፣ ሠራተኛ እምነት ቢያጎድል የሚከፍል የመድን ሽፋን ኩባንያዎቻችን ይሸጣሉ፤ አሠሪው ይግዛ። ስጋቱን ሁሉ አንድ ልብስ ሰፊ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው።

ሴት ልጅ ላይ ሲሆን ይብሳል። ከእኛ ቆላ ቤት ሠራተኛ ልትሆን የምትመጣ ልጅ ስሟን ሳትጠየቅ ነው «ተያዥ አላት?» የሚባለው። ከሌላት ደላላው ራሱ ተያዥ ይሆናታል፤ ከዚያ በኋላ የት ገብታ እንደምትሠራና ስንት እንደምትቀበል የሚወስነው እሱ ነው። ብቻዋን ክፍል ልከራይ ብትልም በየበሩ የምትጠየቀው እኔ ፈጽሞ ያልተጠየቅሁትን ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ለተከራይ ብዙ አስቦለታል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ደግ ሕግ ነው። ትናንት የመጣ ልጅ ግን ውል ይጻፍልኝ ለማለት አፉ አይደፍርም፤ ቤቱ ያመልጠዋል። አብሮት ሄዶ «ውሉ የታለ?» የሚል ሰው ያስፈልገዋል።

እኔ ያ ሰው ለመሆን ሞክሬያለሁ። እስካሁን ለሰባት ልጆች ፈርሜያለሁ። ሁሉም አላማረልኝም። ሦስተኛው ዕቃ አጉድሎ ጠፋ። ድርጅቱ ጠርቶ ፊርማዬን አሳየኝ፤ በየወሩ እየከፈልኩ አምስት ወር ፈጀብኝ። ባለቤቴ ያን ሰሞን ያላናገረችኝ እውነት ነበራት፤ የልጆቻችንን ጫማ ነው የከፈልኩት። በኋላ አንድ የሕግ ሰው ወረቀቱን አይቶ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋሱ ቢበዛ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል ውጤት የለውም እንደሚል ነገረኝ። የፈረምኩት ወረቀት ላይ የገንዘብ ልክ አልነበረም። መክፈል አልነበረብኝም። ለወገኖቻችሁ የምትፈርሙ ሁሉ ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ የብሩ ልክ በፊደልና በአኃዝ ሳይጻፍ ብዕር አታንሱ። ፈርሙ ግን።

ያ የጠፋው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ደወለ። «እናቴ ታማ ነው የወሰድኩት» አለ። አላመንኩትም፤ ዋሸህም አላልኩትም። ልብስ ሰፊው ግን ያን ቀን እኔን ለማመን የአያቴ ስም ብቻ ነበር የበቃው፣ ይህን አልረሳውም። ዛሬ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መኪናው ላይ ልጁ ተቀምጧል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ አጣዬ ከተቃጠለች በኋላ፣ ከዚያ አገር የሚመጣው ሁለት ፍየል ሸጦ፣ በጀት በደብተር ጽፎ አይደለም። አንዳንዱ የሚሸጥ ፍየል የለውም። መሸኛ ይዘህ ና ብለው የሚጠይቁት ልጅ የሚሸኘው ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ እንደሚያገኘው እርግጠኛ አይደለም። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ይሳፈራል፣ ላምበረት ይወርዳል። ላምበረት ሲወርድ ደግሞ «ካራ! ካራ!» የሚል ረዳት ይሰማል፤ ያ ኮተቤ ካራ ነው፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ ብዬ ለእያንዳንዳቸው በስልክ እነግራቸዋለሁ።

ስምንተኛው የእህቴ ጎረቤት ልጅ ነው፤ ሐሙስ ይገባል። ፎርሙ ቀድሞኝ ደርሷል፤ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። የገንዘብ ልክ የሚል መስመር የለውም፣ በእጄ አስምሬበታለሁ። ባለቤቴ አየችው፣ ምንም አላለችም። ትናንት ከመርካቶ ስትመለስ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝታ መጣች።