በቆሎው በራሱ ጢስ እንዳይታፈን

በአርሲ ነገሌ ወረዳ፣ ከከተማው ወደ ላንጋኖና ወደ አቢጃታ ሐይቆች በሚወርደው ሜዳ፣ በሚያዝያ የተዘራ በቆሎ ጉልበት ሊደርስ ሲል ዝናብ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት መጥፋቱ ለማንም ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። የበልጉ ዝናብ አብቅቶ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ባለው በዚህ ክፍተት ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ጫፉም ይደርቃል። ገበሬው «ውሃ ጠማው» ይላል። እኛም የእርሻ ባለሙያዎች ከዚህ ሌላ የምንጨምረው ብዙ የለንም። አባባሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ዝናቡ ከተመለሰ በኋላም ቀጭጮ የሚቀር በቆሎ የሚኖርበት አንዱ ምክንያት፣ በድርቁ ወቅት በገዛ ሰውነቱ ውስጥ መርዝ ስለሚጠራቀም ነው።

ይህን ለነገሌ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በከተማው አረቄ የሚወጣበት ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እሳት ካለ ጢስ አለ። ጢሱ መውጫ እስካገኘ ድረስ ሥራው ይቀጥላል። መውጫው ከጠበበና እሳቱ ከተማገደ ግን አረቄ አውጪዋ ዓይኗን ይዛ ወደ ደጅ ትወጣለች። ተክልም ለመኖር ስኳር ያቃጥላል። ስኳሩ ሲፈርስ ሜቲልግላይኦክሳል የሚባል ቅመም በትንሽ በትንሹ ይወጣል። ይህ ቅመም ያገኘውን ሁሉ የሚለክፍ ነው፤ ከፕሮቲንና ከዘር ቅንጣት ጋር እየተጣበቀ ሥራቸውን ያበላሻል፣ ሥሩ እንዳይረዝምና ዘሩ እንዳይበቅል ያደርጋል።

በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ የሕንድ ተመራማሪዎች ሥራ፣ ሩዝን ጨምሮ በልዩ ልዩ ተክሎች ላይ ይህ ቅመም በድርቅ፣ በጨውና በብርድ ጊዜ ከተለመደው መጠን ከ2 እስከ 6 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። እንግዲህ የእኛ ሜዳ ከሦስቱ በአንዱ በየዓመቱ ይጎበኛል ማለት ነው። ይሁንና ቅመሙ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። በጥቂቱ ሲሆን ተክሉን ያስጠነቅቃል፤ የቅጠሉ ቀዳዳዎች ተዘግተው ውሃ እንዲቆጠብ፣ መከላከያውም እንዲነቃ ያደርጋል። ጉዳቱ የሚመጣው ከልክ ሲያልፍ ነው።

ለጢሱ መውጫም አለው። በተክሉ ውስጥ ግሉታቲዮን የሚባል ንጥረ ነገር ቅመሙን ይይዘዋል፤ ከዚያም ግላይኦክሳሌዝ የሚባሉ ሁለት ኤንዛይሞች እየተቀባበሉ እርጎን ከሚያኮመጥጠው አሲድ ጋር አንድ ዓይነት ወደሆነ፣ ብዙ ጉዳት ወደማያደርስ አሲድ ይለውጡታል። ኤንዛይሞቹ ከ1913 ጀምሮ በሳይንስ የታወቁ ናቸው። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ግሉታቲዮን ያለ ድኝ የማይሠራ መሆኑ ነው። ድኝ ያነሰው ማሳ ላይ ያለ በቆሎ በሩ እንደጠበበ የአረቄ ቤት ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የአፈር ካርታ ሥራ በብዙ የአገራችን ወረዳዎች የድኝ እጥረት መኖሩ ታውቋል። ከዚያም በኋላ ከመቶ 7 እጅ ድኝ ያለበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ድኝ በሌለው በዳፕ ምትክ ለገበሬው ቀርቧል። ይህ መልካም እርምጃ ነበር። ነገር ግን የአፈር ድኝ ዋናው ማከማቻ ብስባሽና ፍግ ነው፤ የእኛ ፍግ ደግሞ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል። እንጨት የሌላትን የቤት እመቤት «ኩበት አታንጂ» ብሎ ማዘዝ ለባለሙያ ቀላል ነው፤ ራቷን ግን አያበስልላትም። ስለዚህ የምንጠይቀው ቢያንስ የበረቱ ጥራጊ ለሐይቁ ዳር ማሳ እንዲደርስ፣ ማገዶ የሚሆን ዛፍም በአጥር ዙሪያ እንዲተከል ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን እሳቱ እንዳይማገድ ማድረግ ይቀድማል፤ ይኸውም የመጣውን ዝናብ ማሳው ላይ ማስቀረት ነው። የሜዳው አፈር ቀላልና አሸዋማ በመሆኑ ውሃ ብዙ አይዝም። ገበሬያችን በቆሎው ጉልበት ሲቃረብ ሽልሻሎ ያደርጋል፤ በማረሻው መስመር ለመስመር እየሄደ አረሙን ይነቅላል፣ አፈሩንም ያለብሳል። በዚያው ጊዜ የወጣውን ቦይ በየ5 ወይም በየ6 ሜትሩ በመቆፈሪያ አፈር እየሰበሰቡ ቢዘጉት ውሃው እዚያው ቆሞ ይሰርጋል። መልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከልም ይህን ሥራ በበሬ የሚያከናውን መሣሪያ አዘጋጅቷል። መሣሪያው ባይገኝም ሁለት ልጆችና አንድ መቆፈሪያ ይበቃሉ። በላይኛው ደጋ፣ ውሃ በሚተኛበት ማሳ ላይ ግን ይህን ማድረግ አይገባም።

ስለ ዩሪያ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በቆሎው ሲጠወልግ «ዩሪያ ጨምርለት» የሚል ምክር በወረዳው ይሰማል፤ እኛም ራሳችን በወጣትነታችን እንዲህ መክረን የሰው ገንዘብ በነፋስ ሲሄድ አይተናል። በደረቅ አፈር ላይ የተበተነ ዩሪያ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይበናል፤ ሥሩ ሊስበው የሚችለው ውሃም የለም። ሁለተኛው ዙር ዩሪያ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ሲርስ፣ ከሥሩ አጠገብ ተደርጎ አፈር ይልበስ።

ነጋዴው በጠርሙስ የሚያመጣውን «የድርቅ መድኃኒት» በተመለከተም ጥርጣሬያችን ጽኑ ነው። በቤተ ሙከራ ይህንኑ ቅመም በጥቂቱ ለዘር ሰጥተው ተክሉን ያጠነከሩ ተመራማሪዎች አሉ። የእነርሱ መጠን በሚዛን የተለካ ነው፤ በገበያ ቀን በቡሽ ክዳን የሚለካ አይደለም። በ1999 የግላይኦክሳሌዝ ዘረመል ተጨምሮለት ጨው የተቋቋመ ትምባሆም በሕንድ ታይቷል፤ ለነገሌ ገበሬ በቆሎ ግን ያ ገና መንገድ ላይ ነው። በ90 ቀን ገደማ የሚደርሰውን መልካሳ 1 የመሰለ ዘር መዝራት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቶሎ መድረስ ከድርቁ መሸሽ እንጂ ድርቁ መሐል ሲይዘው መቋቋም አይደለም።

ድርቁ ሲጀምር ገበሬው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ማሳውን ይጎብኝ። ቀን የተጠቀለለው ቅጠል ሌሊት ተዘርግቶ ካደረ በቆሎው ገና ራሱን እየተከላከለ ነው። ጎሕ ሲቀድም እንደተጠቀለለ ከሆነ ግን ጉዳቱ ጠልቋል፤ በዚያ ሳምንት ለዩሪያ ገንዘብ ከማውጣት፣ ክረምቱ ሲገባ ሊዘራ የሚችል የቦሎቄ ዘር ቢፈልግ ይሻለዋል።