ካሜራውን ከጸበሉ አውጡልን

ቪዲዮውን ታውቁታላችሁ። የትኛው ቻናል እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል። አንዲት ወጣት በውሃ ርሳ መሬት ላይ ወድቃለች። አጥማቂው መቁጠሪያ ይዞ «ማን ላከህ? ከስንት ጋር ገባህ?» እያለ ይጠይቃል። ከጎኑ ማይክ የደቀነ ሰው አለ፤ ሌላው ደግሞ ፊቷን አቅርቦ ይቀርጻል። ከታች «ሰብስክራይብ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጅቷ ወደ ራሷ ስትመለስ ሰፈሯም፣ መሥሪያ ቤቷም፣ ምናልባት ሊያገባት ያሰበውም ሰው አይቷታል። እሷ ግን ምን እንደተናገረች እንኳን አታስታውስም።

የምለው አጭር ነው፦ ይህ ነገር ይቁም። የታመመን ሰው ጸበል ቦታ ቀርጾ ማሰራጨት ነውር ነው፤ በሃይማኖቱ ሚዛንም አያስኬድም፤ በሕግም ያስጠይቃል።

ጸበሉን ራሱን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ለጣና ዙሪያ ሰው «ውሃና እምነትን ለይ» ብሎ መንገር ቀልድ ነው። ዓባይ ገና ሲመነጭ፣ ሰከላ ግሽ ዓባይ ላይ፣ ጸበል ነው። ሐይቁ ውስጥ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ አሉ። ወንዙ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። እዚህ አገር ሰው ሲታመም ወደ ውሃ ይሄዳል፤ ይሂድ። ጥያቄዬ «ስልክ የደቀነው ሰውዬ እዚያ ምን ይሠራል?» የሚል ነው።

የቻናሎቹ ባለቤቶች መልስ አላቸው፦ «የእግዚአብሔርን ሥራ ለመመስከር ነው።» እሺ፣ እንግዲህ ወደ ወንጌሉ እንሂድ። የማርቆስን ወንጌል ያነበበ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ፈዋሹ ከሕዝብ ዓይን ይሸሻል። ለምጻሙን ፈውሶ ለማንም እንዳይናገር፣ ይልቅ ሄዶ ለካህን ራሱን እንዲያሳይ ያዘዋል (ምዕራፍ 1)። የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሳ የሚያለቅሰውንም የሚስቀውንም ሁሉ ከቤት አስወጥቶ፣ አባትና እናቷን ከሦስት ደቀ መዛሙርት ጋር ብቻ ያስቀራል (ምዕራፍ 5)። ደንቆሮውን ከሕዝቡ ለይቶ ወደ ገለልተኛ ቦታ ይወስደዋል (ምዕራፍ 7)። የቤተ ሳይዳውን ዕውር እጁን ይዞ ከመንደር ያወጣዋል (ምዕራፍ 8)። አጋንንቱንማ፣ እዚያው ምዕራፍ 1 ላይ፣ እንዲናገሩ እንኳን አልፈቀደላቸውም። የዛሬዎቹ ግን አርባ ደቂቃ ኢንተርቪው ያደርጉላቸዋል።

«የጌርጌሴኖኑስ ሰውዬ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ አንድ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ስሙ። ሰውዬው ከዳነ በኋላም ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲናገር ተፈቅዶለታል። ግን የተናገረው ማን ነው? ራሱ ነው። መቼ? ልብሱን ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ። ለማን? መጀመሪያ ለራሱ ሰዎች። ምስክርነት ማለት ይህ ነው። ራቁቱን መቃብር ውስጥ ሲጮህ የሚያሳይ ምስል ቢኖርና አንድ ሰው ከተማ ለከተማ ቢያዞረው ግን ምስክርነት ሊባል አይችልም፤ ሰውዬውን ሁለተኛ ጊዜ ማሰር ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚመጣው ደግሞ ከዚያ «ኢንተርቪው» ነው። «ማን አደረገባት?» ተብሎ ይጠየቃል። «አክስቷ»፣ «ጎረቤቷ»፣ «የእንጀራ እናቷ» የሚል መልስ ይመጣል። ወዲያው ርዕስ ይሆናል፤ ኮሜንቱ በእርግማን ይሞላል። ሃይማኖቱ ራሱ ሰይጣን ሐሰተኛ ነው፣ የሐሰትም አባት ነው ብሎ ያስተምራል። ታዲያ የሐሰት አባት የሰጠውን ቃል ተቀብለን አንዲትን አክስት የምንወነጅለው በየትኛው ትምህርት ነው? ቃሉን የልጅቷ በሽታ የወለደው ነው የሚልም ሰው ቢሆን መደምደሚያው ያው ነው፤ የታመመ ሰው በታመመበት ሰዓት የተናገረው ማስረጃ አይሆንም።

ይህ አገር እንዲህ ያለ ውንጀላ ምን እንደሚያደርግ አሳምሮ ያውቃል። በጎንደርና በጣና ዙሪያ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን ስንሸሽ ኖረናል። ቤተ እስራኤላውያን ማረሻችንን እየሠሩልን፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ስንት ዘመን ተገለሉ። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በሐይቁ ዳር ምን ያህል ተንቀው እንደኖሩ የባሕር ዳር ሰው አይጠፋውም። ያ ሁሉ የሆነው ወሬ በእግር በሚሄድበት ዘመን ነው። ዛሬ ወሬው በአንድ ሌሊት ከሰፈር አልፎ ዋሽንግተን ይደርሳል፤ አይጠፋምም። ያቺ አክስት ነገ ገበያ ስትወጣ ማን ይከላከልላታል?

ወደ ሕጉ እንምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ማሳየትም ሆነ መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል። ቀጣዩ አንቀጽ በአደባባይ ለተደረጉ ክንውኖች ልዩ ሁኔታ ስለሚያስቀምጥ «ጸበሉ አደባባይ ነው» የሚል ይኖራል። ጥምቀትን መቅረጽ ሌላ ነገር ነው፤ ታቦቱም ሕዝቡም አደባባይ የወጡት ለመታየት ነው። ልትፈወስ የመጣች ልጅ ግን ክብረ በዓል አይደለችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን ከሌላው በላይ ጥንቃቄ የሚሻ አድርጎ ነው የሚያየው። «ቤተሰቧ ፈቅዷል» አይባል። የጨነቀው ቤተሰብ «ፈርሙ» ቢሉት ምን አይፈርምም?

ነገሩ የኦርቶዶክሱ ብቻ እንዳይመስለን። መድረክ ላይ ሰው እየጣለ በሳተላይት የሚያስተላልፈው «ነቢይ»ም፣ ሩቅያ ሲቀራ የሕመምተኛውን ጩኸት ቀርጾ የሚለጥፈውም እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ናቸው። በዶክትሪን ይለያዩ ይሆናል፤ ካሜራው ላይ ግን ተስማምተዋል። ምክንያቱም ዕይታ ገንዘብ ነው፣ ጩኸት ደግሞ ዕይታ ያመጣል። በዚህ ገበያ ቀስ ብሎ የሚድን ሰው አያዋጣም። በዝምታ ሰባት ቀን ተጠምቆ፣ መድኃኒቱንም ውጦ፣ ተሽሎት ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ቪዲዮ አይወጣውም። ስለዚህ ካሜራው ባለበት ቦታ ቀስ በቀስ ጩኸት ራሱ የፈውስ ምልክት ይሆናል፤ ያልጮኸው «ገና አልወጣለትም» ይባላል።

የድሮዋን የአንድ ብር ኖት የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ጀርባዋ ላይ ጢስ ዓባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት ሥራ ሲጀምር ውሃው ወደ ተርባይኑ ተቀለበሰ፤ ለብዙ ዓመታት በበጋ ፏፏቴውን ሊያይ የመጣ እንግዳ የሚያገኘው ዐለት ላይ የምትወርድ ቀጭን ጅረት ነበረች። ብሩ ላይ ግን ፏፏቴው እንደ ሞላ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የተቀረጸ እምነት እንዲህ እንዳይሆንብን እሰጋለሁ። ምስሉ በየስልኩ እየዞረ፣ ውሃው ግን ወደ ሌላ ቦይ ይሄዳል።

«የሃይማኖት አባቶች ቢናገሩ ማን ይሰማል?» አትበሉ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። በዚያ ዘመን ጸበል ይዣለሁ ብሎ መድኃኒቱን የሚተው ብዙ ነበር። ከአንዱ ምረጥ የተባለ ሕመምተኛ፣ ሁለቱንም ያዝ የሚለውን ቃል ከሐኪም ሳይሆን ከፓትርያርኩ አፍ መስማቱ ትልቅ ነገር ነበር። ስለ ካሜራውም እንደዚያ ያለ ግልጽ ቃል እንጠብቃለን፤ «በጸበል ቦታ ሕመምተኛ አይቀረጽም»። አራት ቃል ብቻ ነው።

እኛም ድርሻ አለን። እነዚህን ቪዲዮዎች የምናየው እኛ ነን። «ጉድ ነው» ብለን ለጓደኛ የምንልከው፣ ሳቅ የምንለጥፍበት፣ ኮሜንቱ ውስጥ አክስቷን የምንረግመው እኛ ነን። አታዩት። አትላኩት። ሪፖርት አድርጉት። ጸበል ስትሄዱም ከጎናችሁ ስልክ የሚያወጣ ካለ፣ በትሕትና «ወንድሜ፣ እባክህ» በሉት።

ጸበል ቦታ ስንገባ ጫማችንን በር ላይ እናወልቃለን፤ ፖሊስ ቆሞ አያስገድደንም። ቦታው ቅዱስ ነው ብለን ነው። እዚያ የወደቀችው ልጅ ከመሬቱ አታንስም። ስልኩም ከጫማው ጋር ይቀመጥ።