ተምችና የነጋዴ አደራ

የገበሬው በቆሎ በትል የተበላበት ዓመት፣ ለባለሱቁም የጨርቅና የቆርቆሮ ገበያ የሚቀዘቅዝበት ዓመት ነው። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ የታየው፣ ከአሜሪካ ምድር የፈለሰው መጤ ተምች ለግብርና ሠራተኞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የዚህ ተባይ ጠባይ የታወቀ ነው። የእሳት ራቷ በሌሊት በርራ ከ100 እስከ 200 የሚደርስ ዕንቁላል በአንድነት ትጥላለች። የተፈለፈለው ትል በልጅነቱ የቅጠሉን ገጽ ይፍቃል፤ ሲያድግ ግን ወደ መካከለኛው የቅጠል ጥቅል ገብቶ በገዛ ኩሱ በሩን ይደፍናል። ከዚያ ወዲያ የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም።

እንግዲህ ጊዜው ካለፈ በኋላ ዝም ብሎ መድኃኒት የሚያስረክብ ባለሱቅ ዕቃ ሸጠ እንጂ ገበሬውን አልረዳም። ገበሬው ገንዘቡንም ሰብሉንም ያጣል፤ ወደዚያም ሱቅ አይመለስም።

«የነጋዴ ሥራ መሸጥ እንጂ ማስተማር አይደለም» የሚሉ አሉ። ነገሩ ለጨርቅ ይሠራ ይሆናል፤ ለመርዝ ግን አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከልክሏል። አስመጪው ይህን ከማክበር አልፎ፣ መድኃኒቱ ለየትኛው ትል፣ በየትኛው ዕድሜውና በምን መጠን እንደሚረጭ ለባለሱቁ ያስረዳ፤ ባለሱቁም ለገዢው ይንገር። ማሳው ትንሽ ለሆነ ሰው ደግሞ «ዕንቁላሉንና ትሉን በማለዳ በእጅህ ልቀም» ብሎ መምከር የዕለቱን ሽያጭ ቢያጎድል ደንበኛን ያተርፋል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለአራሹም ለሻጩም ነው።