የሻገተ እንጀራ ይዞ የመጣው ማነው?



ብዙ ባልና ሚስት ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው በየፊናቸው ስልክ ያያሉ። «ጌታን የምትወድ ከሆነ አሜን በል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ አሜን ብለን ለሌላው እናስተላልፋለን። ለመሆኑ የላከው ማነው?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ጄፍ አለን የተባለ የፌስቡክ ባለሙያ ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ዘገባ ጻፈ። ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው የተባለው መጽሔት በ2021 ይፋ እንዳደረገው፣ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ክርስቲያኖች ከሚከታተሏቸው 20 ታላላቅ ገጾች 19ኙን የሚመሩት አንባቢን በማታለል የሚኖሩ ቡድኖች ነበሩ። ከኮሶቮና ከመቄዶንያ ብቻ ወደ 15,000 የሚጠጉ ለአሜሪካውያን የተዘጋጁ ገጾች ይሠሩ ነበር። ሥራቸው ሌላ ቦታ የተወደደውን ጽሑፍ እየቀዱ መለጠፍ ነው።

ይህ ከውስጥ አዋቂ የተገኘ ነው። ነገር ግን ከውጭም መመርመር ይቻላል። በዚያው ዓመት በመስከረም ጋዜጠኛው ጀድ ሌገም «አሜሪካን እወዳለሁ» የሚለው ትልቅ ገጽ በዩክሬናውያን እንደሚመራ አጋለጠ። አስተዳዳሪዎቹ ዩክሬን መሆናቸውን ፌስቡክ በገጹ መረጃ ላይ ጽፎት ነበር፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነበር። ለሁሉም ክፍት ከሆነ ምንጭ እውነትን መፈለግ ማለት ይኸው ነው።

ኢያሱ ምዕራፍ 9ን አስታውሱ። የገባዖን ሰዎች ጎረቤት ሳሉ የሻገተ እንጀራና የተጠጋገነ ጫማ ይዘው «ከሩቅ አገር መጣን» አሉ። የእስራኤል አለቆች ስንቁን አይተው አመኑ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። እውነቱ የታወቀው ቃል ኪዳን ከተገባ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። የዛሬዎቹ ደግሞ በተገላቢጦሽ ሩቅ ተቀምጠው «የቅርብ ወንድማችሁ ነን» ይላሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስለ ገጹ የሚናገረውን ክፍል ክፈቱ። መቼ ተከፈተ? ስሙ ስንት ጊዜ ተለወጠ? ብዙ ተከታይ ካለው፣ አስተዳዳሪዎቹ ከየት አገር ናቸው?

ሁለተኛ፣ ፎቶውን በጉግል ሌንስ ፈልጉ። የዛሬ ነው የተባለው የዓመታት ዕድሜ ያለው፣ የሌላ አገር ፎቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ያው ጽሑፍ ቃል በቃል በብዙ ገጾች በአንድ ሰዓት ከወጣ ጠርጥሩ። ሆኖም በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ፤ ነገር የሚጸናው በሁለትና በሦስት ምስክር ነውና። ከውጭ አገር የሚጽፍ ሁሉም ሐሰተኛ አይደለም።

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ «አስተላለፍኩ እንጂ አልፈጠርኩትም» ማለት አያድነንም። ሕጉ የሚከለክለው ሐሰተኛ ወሬ መፍጠርን ብቻ ሳይሆን መቀበልንም ነው። ባልና ሚስት ማን እንደጻፈው በማያውቁት ወሬ ሲኳረፉ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲፈራ፣ ለጻፈው ሰው ገንዘብ ይገባል፤ ለቤታችን ግን ቁስል ይቀራል። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት እንኳ ከመጻሕፍት ጋር አስተያይተው መረመሩ፤ ለዚህም ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም።

ዛሬ ማታ አንዳችሁ ለሌላው አንድ ወሬ ስታሳዩ፣ ከማስተላለፋችሁ በፊት አብራችሁ መርምሩት።

ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን።