መድኃኒቱ በየት በኩል ይገባል?

በፎርድስበርግ መድኃኒት ቤቶች ወረፋ ይዤ ስቆም፣ ልጆች ለወላጆቻቸው ሲተረጉሙ እሰማለሁ። ፋርማሲስቱ በእንግሊዝኛ «ቴክ» ይላል። ልጅቷ ዞር ብላ «እማዬ፣ በቀን ሁለቴ ውሰጂው» ትላለች። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ግን ይጎድለዋል። በአማርኛ ክኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል፣ ቅባት ይቀባል፣ መርፌ ይወጋል። አንዳንዱ ይታኘካል፣ አንዳንዱ ምላስ ሥር ይደረጋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነዚህ ግሦች ነው፤ ግሡ ከተሳሳተ መድኃኒቱ ላይሠራ ይችላልና።

የተዋጠ ክኒን መንገዱ ረጅም ነው። ጨጓራ ውስጥ ይሟሟል፤ ወደ ደም የሚገባው ግን በአብዛኛው ከቀጭኑ አንጀት ነው። ከአንጀት የተነሣው ደም ወደ ልብ ከመሄዱ በፊት በጉበት ያልፋል። ጉበትን እንደ ኬላ ቁጠሩት። ኬላ ማለት መንገድ ላይ ዕቃ የሚፈተሽበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ነው። ጉበት አንዳንዱን መድኃኒት በደህና ያሳልፋል፤ ከአንዳንዱ ግን አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል።

ናይትሮግሊሰሪን የሚባለው የልብ መድኃኒት እንዲህ ያለ ነው። ደረት ጨምድዶ ሲይዝ ክኒኑ ምላስ ሥር ይደረጋል። እዚያ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ኬላውን ሳያልፉ ወደ ልብ ያደርሱታል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጃቸውን «ምላሴን ያቃጥለኛል፤ በውሃ ባወራርደውስ?» ሲሏት ሰማሁ። ልጅቷ ከራሷ አልመለሰችም፤ ፋርማሲስቱን ጠየቀችላቸው። «እንዳይውጡት! ከዋጡት ጉበት ይጨርሰዋል» አላት። እሷም «እማዬ፣ አይዋጥም፤ ምላስሽ ሥር እስኪሟሟ ያዢው» አለቻቸው። ጎበዝ ልጅ!

ኢንሱሊን ደግሞ ኬላው ጋ እንኳ አይደርስም። ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ ውስጥ እንደ ሥጋ ይፈጫል። እ.ኤ.አ. በ1922 ቶሮንቶ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለስኳር ሕመምተኛ የተሰጠው በመርፌ ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው ሰው ከቆዳው ሥር ይወጋዋል። የሚወጋበት ቦታም ለውጥ አለው፤ ከጭን ይልቅ ሆድ ላይ የተወጋው ቶሎ ወደ ደም ይገባል።

አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በአፉ ይስበዋል። የሳልቡታሞል አንድ ጊዜ የሚሳበው መጠን 100 ማይክሮግራም ነው። የሚዋጠው ክኒን ግን 2 ወይም 4 ሚሊግራም ይሆናል፤ ባለ 4ቱ የአርባ ጊዜ ያህል ማለት ነው። የሚሳበው በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ ትንሹ ይበቃዋል። የሚዋጠው በመላ ሰውነት ስለሚሠራጭ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል።

ወደ ደም እንዲገባ የማይፈለግ መድኃኒትም አለ። አያቶቻችሁ ስለ ኮሶ ሳይነግሯችሁ አይቀሩም። የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆ ይፈጫል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። በጣም ይመርራል! ሥራው እዚያው አንጀት ውስጥ ያለውን ትል ማስወጣት ነው። ሲበዛ ግን ይመርዛል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ለዚሁ ትል በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው ኒክሎሳማይድም ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ይታኘካል፤ ደቆ ትሉን በደንብ እንዲያገኘው።

እኛ ሐበሾች መርፌ እንወዳለን። «ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚሉ ጋሼዎችና እትዬዎች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ፔኒሲሊን የጨጓራ አሲድ ስለሚያበላሸው በመርፌ ይሰጥ ነበር፤ ፍቅሩ ከዚያ ዘመን የመጣ ይመስለኛል። አሞክሲሲሊን ግን የፔኒሲሊን ዘመድ ሆኖ ሳለ ሲዋጥ በደንብ ወደ ደም ይገባል።

ትልልቅ ክኒን መዋጥ የሚያቅታቸው አያቶች አሉ፤ ሰባብረው ከማር ጋር ይልሱታል። አንዳንዱ ክኒን ግን ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ለአያታችሁ ስትተረጉሙ «ይህ ክኒን ይሰበራል ወይስ ሙሉውን ይዋጣል?» ብላችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁላቸው።