ሕንጻው ከተመረቀ በኋላ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሙቀቱ ወራት ሲገባ የኤሌክትሪክ ፍጆታን ከሁሉ በላይ የሚያንረው አየር ማቀዝቀዣ ነው። ስለዚህም በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ስለ ኃይል ቁጠባ የሚነሣ ጉዳይ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሕንጻ ላይ ያርፋል።

አገሪቱ ይህን የተረዳችው ቀድማ ነው። አቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2010 የእስቲዳማን የሉል ደረጃ ሥራ ላይ አዋለች፤ ዱባይም በ2014 የአረንጓዴ ሕንጻ ደንቧን ለአዳዲስ ሕንጻዎች ሁሉ ግዴታ ካደረገች በኋላ፣ በዘንባባ ዝንጣፊ የተሰየመውን የአል ሰዓፋት ደረጃ አስከተለች። ለነባሮቹም ቢሆን ኢትሃድ ኤስኮ የተባለው ኩባንያ እስከ 2030 ድረስ 30,000 ሕንጻዎችን የማደስ ዓላማ ተሰጥቶታል።

ይሁንና ደረጃው የሚሰጠው በአመዛኙ ለፕላኑና ለግንባታው ነው። ሕንጻው ሰው ከገባበት በኋላ አቧራ የማቀዝቀዣውን ማጣሪያ ይደፍናል፣ ፀሐይ የመስኮቱን ላስቲክ ታደርቃለች፣ ጣሪያ ላይ ያለው የቧንቧ ሽፋን ይቀደዳል። የምስክር ወረቀቱ መግቢያው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ የሚያድገው የወሩ ሒሳብ ብቻ ነው። ሒሳቡን የሚከፍለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተከራዩ ሲሆን፣ ማሽኑን የማስጠገን ሥልጣን ያለው ባለንብረቱ ነው። የብክነቱ ዋና ምንጭ ምናልባት ከመሣሪያው ይልቅ ይህ ክፍተት ሳይሆን አይቀርም።

ቴክኖሎጂ እዚህ ላይ ይረዳል። የዱባይ የኤሌክትሪክና የውሃ ባለሥልጣን ዘመናዊ ቆጣሪዎች ፍጆታው ከወትሮው ሲያልፍ ለደንበኛው ያሳውቃሉ፤ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ውሃው ሳያቋርጥ ከፈሰሰ፣ የሆነ ቦታ ቧንቧ አፍስሷል ማለት ነው። ሙቀት የሚለይ ካሜራም ቀዝቃዛው አየር በየትኛው ስንጥቅ እንደሚያመልጥ ያሳያል። ስንጥቁን መድፈን ግን የሰው ሥራ ነው፤ ለዚህም ተቆጣጣሪ መሄድና የጊዜ ገደብ መስጠት አለበት።

መስጂዶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ። በቀን አምስት ጊዜ ይሞላሉ፤ በመካከሉ ያለው ሰፊ አዳራሽ ባዶውን ሲቀዘቅዝ መዋሉ፣ የውዱእ ቧንቧም ያለ ልክ መፍሰሱ ኢስራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዱባይ ዴራ የተከፈተው የኸሊፋ አል ታጂር መስጂድ የውዱእን ውሃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ የተሠራ ነው። አማኙ በየዕለቱ የሚያየው ነገር በመሆኑ ትምህርቱ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

የሚያስፈልገው ሰው የሚኖርባቸው ሕንጻዎች በየጊዜው የሚፈተሹበት፣ ውጤቱም ለባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን ለተከራዩ የሚገለጽበት አሠራር ነው። ወቅቱም ሊታሰብበት ይገባል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ በቀትር ፀሐይ ላይ መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው፤ አብዛኛው ማቀዝቀዣ ያለው ደግሞ ጣሪያ ላይ ነው። ፍተሻው በፌብሩዋሪና በማርች ቢካሄድ፣ ጥገናውም ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሠራተኛው የጋለ ጣሪያ ላይ ሳይወጣ ያልቃል።