እርጎ ያልሆነው ወተት

ጉብሬ ሳለሁ ያከራዩኝ እናት ወተት መድፋት አያውቁም። አንድ ማታ ለልጅ ልጃቸው የተገዛው የላስቲክ ወተት ግማሹ ተረፈ። ቅላቸው ተሰንጥቆባቸው ስለነበር በአዲስ የላስቲክ ጆግ ገልብጠው፣ ከድነው፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። «ይርጋ፣ እርጎ ይሆናል» አሉ። በሦስተኛው ቀን ሲከፍቱት ፊታቸው ተለወጠ። ረግቶ ነበር፤ ግን እርጎ አልነበረም። በማንኪያ ሲያነሱት የሚዝለገለግ፣ ጠረኑ አፍንጫ የሚመታ ነገር ነው። በምላሳቸው ጫፍ ቀምሰው ተፉትና «መረረ እኮ ልጄ! ምን አድርገውበት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ጉብሬ ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። አዲስ አበባም ቡታጅራም የሱቅ ወተት የሚገዛ ሰው ሁሉ በሆነ ቀን ይጠይቀዋል። መልሱ ግን አብዛኛው ሰው ከሚጠረጥረው ተቃራኒ ነው። ወተቱ ላይ ምንም አልተጨመረበትም፤ የተወሰደ ነገር ነው ያለው።

ከላም ጡት የወጣ ጥሬ ወተት ሲያድር የሚረጋው በውስጡ ያሉ ደቂቅ ተዋሲያን የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ነው። ጎምዛዛነቱ ብዙዎቹን የሚያበላሹ ተዋሲያን ያባርራል። ስለዚህ እርጎ የተበላሸ ወተት ሳይሆን ራሱን የሚጠብቅ ወተት ነው። ፋብሪካ ግን ወተቱን በ72 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ሰከንድ፣ ወይም በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያሞቀዋል። በዚህ ሙቀት የሳንባ ነቀርሳው፣ የብሩሴላው፣ የታይፎይዱ ተዋሲያን ይሞታሉ። እርጎ ሠሪዎቹም አብዛኞቹ አብረው ያልቃሉ። የሚተርፉት ሙቀት የሚችሉ፣ እንደ ዘር ተጠቅልለው የሚያሳልፉት ናቸው፤ ላስቲኩ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ከእጅና ከዕቃ የሚገቡ አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ስኳሩን ትተው ፕሮቲኑንና ቅባቱን ይበሉታል። ምሬቱ የመጣው ከዚያ ነው። አከራዬ አንድ ማንኪያ የቆየ እርጎ ለእርሾ ጣል ቢያደርጉበት ኖሮ፣ ወይም ቅላቸው ባይሰነጠቅና እርጎ ሲረጋበት የኖረው ያው ዕቃ ቢሆን፣ ወተቱ እንደልማዱ ይረጋላቸው ነበር።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ አዲስ ወተት ገዝተን በአሮጌው ወተት ሕግ እየዳኘነው ነው። አሮጌው ሕግ በማይሠራበት ቦታ የተሰጠን ደግሞ ላስቲክ ላይ የታተመ ቀን ብቻ ነው። ያ ቀን የሚቆጥረው ወተቱን አይደለም፤ ብርዱን ነው።

አሮጌው ሕግ ምን ያህል የታሰበበት እንደነበር ለማየት ከጉብሬ የተሻለ ቦታ የለም። ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ካላችሁ ጀፎረው ይቀበላችኋል። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ላሞቹ እዚያ ይግጣሉ፣ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ይቆረጥላቸዋል። የወተት ዕቃው ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። እንግዳ ሰው ለሽታው ብቻ ይመስለዋል። ጭሱ ግን ዕቃው ላይ የቀሩትን ተዋሲያን ይቀንሳል፣ ወተቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ያዘገየዋል። ፍሪጅ በሌለበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ውጆ ነው። የአንድ ቤት አንዲት የሀገር ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ተንጦ ቅቤ ለማውጣት አይበቃም፤ እስኪጠራቀም ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ወተት ከልክ በላይ ይጎመዝዛል። ስለዚህ ሴቶቹ ተሰባስበው ወተታቸውን ወይም ቅቤያቸውን በተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። ዛሬ የእርስዎ፣ በሚቀጥለው የእኔ። ምሁራን ውጆን የቁጠባ ማኅበር ብለው ይመዘግቡታል፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን የጊዜ መፍትሔ ሆኖ ይታየኛል። የወተቱን ዕድሜ ማርዘም ሲያቅታቸው፣ ወተቱ ዕድሜው ሳያልቅ ቅቤ እንዲሆን ሰውን አደራጁ። ቅቤው ሲነጠር ደግሞ ውሃው ተንኖ፣ አሠሩ ተጣርቶ ይወጣል፤ ውሃ የሌለበት ቦታ ተዋሲያን አይራቡም። ክትፎው ላይ የሚፈሰው ንጥር ቅቤ ያለ ፍሪጅ ወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ኮሰረቱና ኮረሪማው ብቻቸውን አይደለም የሚያቆዩት።

እንዲህ ስል ግን ወደ ጥሬ ወተት እንመለስ ማለቴ አይደለም። በኢትዮጵያ የተደረጉ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ፣ በአጠቃላይ ከ100 ከብቶች 6 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው፣ በሆልስቲን ፍሪዥያን ዝርያ ግን ቁጥሩ ከ20 እንደሚያልፍ አሳይቷል። ወተት የሚትረፈረፍበት የፈረንጅ ላም፣ በጠባብ በረት ታጉሮ እርስ በርሱ የሚተነፍሰው፣ በሽታውንም አብሮ ያመጣል። የእርጎው ጎምዛዛነት የዚህን በሽታ ተዋሲ ወዲያው አይገድለውም። ማፍላት ግን ይገድለዋል። የካፌ ማኪያቶ ላይ ይህ ይረሳል፤ የማሽኑ እንፋሎት ወተቱን አረፋ እስኪያወጣ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ ያሞቀዋል እንጂ አያፈላውም። ማሽኑ ስር ያለው ጥሬ ወተት ከሆነ ጠጪው ጥሬ ወተት ጠጥቷል ማለት ይቻላል።

ፋብሪካው የመጣው ለዚህ ነበር። የዘመናዊ ወተት ታሪካችን የሚጀምረው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 ያህል ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች ሰጠ። በ1960 እ.ኤ.አ. በዩኒሴፍ እገዛ አዲስ አበባ ላይ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። «ሾላ» የሚለው የወተት ፋብሪካ ስም እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ሰው አፍ የላስቲክ ወተት ማለት ነው። ያ ወተት የታሰበው ግን ለአዲስ አበባ ነበር፦ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሳይደርስ ለሚጠጣ ከተማ። ጉብሬን ማንም አላሰባትም። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ጉብሬ ላይ ማስተማር ሲጀምር፣ ላም የሌላቸው፣ ውጆ የማያውቁ፣ ማታ ማታ በዳቦ ወተት የሚጠጡ ብዙ ወጣቶች በአንድ ጊዜ መጡ። ሱቁም ተከተላቸው።

እንግዲህ ግማሽ ሊትሯን ላስቲክ ተከትለን እንሂድ። ፋብሪካው በ4 ዲግሪ አቀዝቅዞ ያወጣታል፤ ቀኑን ሲያትም ያ ብርድ እስከ ጠጪው ድረስ አይቋረጥም ብሎ ነው። ከዚያ መኪና ላይ ትጫናለች፣ ወልቂጤ ትወርዳለች፣ በሳጥን ሆና ጉብሬ ትደርሳለች፣ ኪዮስክ ፍሪጅ ውስጥ ከሚሪንዳው ጋር ትደረደራለች። አንድ ማለዳ ከአንድ ሱቅ ስገዛ ላስቲኩ ለብ ብሎ አገኘሁት። ቀኑን አየሁ፤ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። «ይህ እኮ አልቀዘቀዘም» ስለው ባለሱቁ ቅር ሳይለው «ሌሊት ፍሪጁን እነቅለዋለሁ ጋሼ፣ መብራቱ ይቆጥራል» አለኝ። አልዋሸኝም። እኔም ገዝቼ ሄድኩ፤ ምድጃ ላይ ገና ሳይፈላ ተቆራርጦ አይቡና ውሃው ተለያየ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ4 ዲግሪ ለመባዛት ብዙ ሰዓት የሚፈጅባቸው ተዋሲያን ክፍል ሙቀት ላይ በአንድ ሰዓት እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። ፍሪጁ ተነቅሎ ወተቱ ለ10 ሰዓት በዚያ ሙቀት ከቆየ፣ አንዷ ከ1,000 በላይ ልትሆን ትችላለች። ጠዋት ፍሪጁ ሲሰካ ወተቱ ይቀዘቅዛል፤ የተባዙት ግን አይቀነሱም። ገዢው ቀዝቃዛ ላስቲክ በእጁ ይይዛል፣ ያልደረሰ ቀን ያነባል፣ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ወተቱ ግን አልፎበታል። መብራት ሲጠፋም ያው ነው። በሁዳዴ ደግሞ ፈላጊው ይቀንስና ላስቲኩ ፍሪጅ ውስጥ ይሰነብታል፤ የዚያን ጊዜ አንድ የተነቀለ ሌሊት ሳይሆን ሁለትና ሦስት ይደርስበታል።

«አፍልቼ እጠጣዋለሁ» የሚለው መልስ ግማሽ ልክ ነው። ማፍላት አብዛኞቹን ተዋሲያን ይገድላል። በእጅና በቁስል የሚተላለፈው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ተዋሲ ግን ወተቱ ውስጥ ከተራባ በኋላ የሚተወው መርዝ መፍላትን ይቋቋማል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማስመለስና ተቅማጥ የሚያመጣው እሱ ነው። ስለዚህ ማፍላት ለጥሬ ወተት ጋሻ ነው፤ ሞቆ ላደረ ወተት ግን ምሕረት አይደለም።

የካርቶን ወተቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚፈራውም እሱ ነው። «ስድስት ወር የሚቆይ ወተት መድኃኒት ሳይኖረው አይቀርም» የሚል ወሬ ከሐኪም አፍ ጭምር ሰምቻለሁ። የለውም። ወተቱ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሞቃል፤ ከዚያ ምንም ተዋሲ በሌለበት ማሸጊያ ይታሸጋል። ስዊድናዊው ቴትራ ፓክ ይህን ማሸጊያ በ1961 እ.ኤ.አ. አወጣው። ማሸጊያው ብርሃንና አየር አያስገባም። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ አለ፤ የሚቀንሱት ሙቀት የማይችሉ አንዳንድ ቫይታሚኖች ናቸው፤ የጠፋውን ያህል ቤት ውስጥ ደጋግሞ ማፍላትም ያጠፋዋል። ዋጋው ውድ ነው፣ ጣዕሙ የተቃጠለ ነገር ይመስላል፤ እኔም አልወደውም። ግን መብራት እንደልብ በማይገኝበት ከተማ ቀኑ እውነቱን የሚናገር ይህ ወተት ብቻ ነው፣ ያውም እስኪከፈት ድረስ። ከተከፈተ በኋላ ተራ ወተት ነው፤ ቀኑ አብቅቷል።

ፍርሃታችን ቦታውን የሳተበት ሌላ ጉዳይ አለ። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «ወተቱ ካንሰር ያመጣል» የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር። መነሻው እውነተኛ ጥናት ነው። የዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎችን የመረመረ ሥራ ሁሉም ላይ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ አገኘ፤ የአውሮፓን ልክ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ምንጩ ፋብሪካ አልነበረም፣ ላስቲክም አልነበረም፤ ላሞቹ የሚበሉት የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ነው። መርዙን ላሟ ወደ ወተቷ ታስተላልፈዋለች፤ ማፍላትም የፋብሪካ ሙቀትም አያጠፉትም። ከፕሮቲኑ ጋር ስለሚጣበቅ አይብ ላይ ይከማቻል፣ ቅቤ ላይ ግን ያንሳል። ጀፎረ ላይ ሣር የምትግጠው ላም ፋጉሎ ስለማይበዛላት ለዚህ መርዝ ያላት ተጋላጭነት ያንሳል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት መርሃ ግብር፣ የሌማት ትሩፋት፣ ወተቱን እናብዛ ሲል፣ የተዳቀለች ላምና የተገዛ መኖ እናብዛ ማለቱም ነው። የወተቱን ሊትር የሚቆጥር ሰው የመኖውን ሻጋታም ካልመረመረ፣ ላስቲክ ላይ የትኛውም ቀን ቢታተም የሚፈይደው ነገር የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚጎዳው ትንሹ ልጅ ነው። ዕድሜው ዓመት ላልሞላ ሕፃን የላም ወተት፣ ላስቲክም ሆነ ካርቶን ወይም በቆርቆሮ የሚሸጥ ተራ የዱቄት ወተት፣ የእናት ጡትን አይተካም፤ የብረት ማዕድኑ ትንሽ ነው፣ ለኩላሊቱም ይከብዳል። ዱቄቱ ደግሞ ከሚበጠበጥበት ውሃ የተሻለ ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

ፍሪጁን ሌሊት የሚነቅለውን ባለሱቅ ግን አልወቅሰውም። የመብራት ቆጣሪ ከትርፉ በላይ የሚቆጥርበት ሰው ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቀኑን አይቶ ያለፈበትን ይሰበስባል፤ የፍሪጁን ሙቀት ግን የሚለካበት ቴርሞሜትር ይዞ ሲመጣ አላየሁም። ወልቂጤ ላይ ወተቱን የሚያወርደው አከፋፋይም ሆነ የላከው ፋብሪካ፣ ብርዱ የት እንደተቋረጠ የሚጠይቃቸው የለም። የወተት ጤና ቁጥጥር ከቀኑ ወደ ብርዱ መዞር አለበት፤ አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር በየፍሪጁ መስቀል ከዚህ ሁሉ ወሬ ይሻላል።

እስከዚያው፣ ጉብሬም ሆናችሁ ሌላ ቦታ፣ ላስቲኩን መጀመሪያ በእጃችሁ ያዙት። ካልቀዘቀዘ ቀኑን አታንብቡ፤ ለባለሱቁ መልሱለት። ሌሊት ፍሪጁ ተነቅሎ እንደሆነም ጠይቁት፤ እኔን አልዋሸኝም፣ እናንተንም አይዋሻችሁም።